መሬቱ ያልተለካበት ቦታ፦ በውሃ ሞዴል የከፍታ መረጃና ሜሽ ውስጥ ያሉ ክፍተቶች ዳሰሳ

ከጠፈር በራዳር የተሰበሰበውን የዓለም የከፍታ መረጃ በጥሬው ከፍቶ የዓባይን በረሃ ወይም የሰሜን ተራሮችን ገደሎች የሚመለከት ሰው አልፎ አልፎ -32768 የሚል ቁጥር ያጋጥመዋል። ቁጥሩ ከፍታ አይደለም። ራዳሩ ያንን ቦታ ማየት ስላልቻለ የመረጃው አዘጋጆች ያስቀመጡት የባዶነት ምልክት ነው። ምልክቱን የማያውቅ ሶፍትዌር ግን እንደማንኛውም ከፍታ ይወስደዋል። ከፍታቸው 1790 ሜትር የሆነ ሦስት ሴሎች (የመረጃው ትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች) እንዲህ ካለ አንድ ሴል ጋር ተደምረው አማካያቸው ቢወሰድ ውጤቱ ከባሕር ወለል በታች 6849.5 ሜትር ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሴሉ ባዶ እንደነበር የሚያስታውስ ምልክት የለም፤ በሞዴሉ ውስጥ የመጣውን ውሃ ሁሉ የሚውጥ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ስሕተት ዐይን ስለሚወጋ ቶሎ ይያዛል። አስቸጋሪው ሥርዓት ይዞ የተሞላው ክፍተት ነው። ካርታው ላይ ልሙጥ መሬት ይመስላል፤ ሞዴሉም ሳያጉረመርም ይሠራል፤ የጎርፉም ካርታ አምሮ ይታተማል። ከወንዙ ዳር የትኛው መንደር እንደሚጥለቀለቅ የወሰነው ግን ልኬት ሳይሆን የሶፍትዌሩ ግምት ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ በዚያው ክረምትም የፎገራ ሜዳ ሲጥለቀለቅ፣ የጎርፍ ሞዴል ሥራ በአገራችን የወረቀት ልምምድ ብቻ እንዳልሆነ ታይቷል። ስለዚህ ሞዴሉ የሚቆምበት መሬት ምን ያህሉ የተለካ፣ ምን ያህሉ የተገመተ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ዳሰሳ ክፍተቶቹ ከየት እንደሚመጡ፣ እንዴት እንደሚገኙና እንዴት እንደሚጠገኑ ይቃኛል። መከራከሪያውም አንድ ነው፦ ክፍተትን መሙላት ውሃው በየት እንደሚሄድ መወሰን ስለሆነ፣ የክፍተቱ መንስኤ ሳይታወቅ መሞላት የለበትም፤ ከተሞላም በኋላ ተለይቶ ሳይመዘገብ መታለፍ የለበትም።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

የመረጃው ታሪክ ራሱ ብዙ ይናገራል። ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የካቲት 3 ቀን 1992 ዓ.ም. ተነሥታ በ11 ቀን ውስጥ በሰሜን 60 ዲግሪና በደቡብ 56 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ያለውን የብስ በራዳር ለካች። ሁለተኛው አንቴናዋ በ60 ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ከሁለቱ አንቴናዎች ልዩነት ከፍታ ይሰላል። «ኤስአርቲኤም» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ይህ መረጃ ለአፍሪካ መጀመሪያ በ90 ሜትር፣ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ደግሞ በ30 ሜትር የሴል ስፋት በነጻ ተለቀቀ። በኢትዮጵያ የተፋሰስ ጥናት ላይ የሠራ ባለሙያ ይህን መረጃ ሳይነካ ያለፈ አይመስለኝም።

ራዳር መሬትን የሚያየው ወደ ጎን አዘንብሎ ነው። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ አንደኛው ግድግዳ ሌላውን ይጋርዳል፤ ተዳፋቱ በጣም ሲቆም ደግሞ የአናቱና የሥሩ ምላሽ ይደባለቃል። የረጋ ውሃ ጨረሩን እንደ መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ለአንቴናው የሚደርስ ነገር የለም፤ በደረቅ አሸዋ ላይም ምላሹ ይደክማል። ስለዚህ ባዶ ሴሎች በዘፈቀደ አይበተኑም። የሚበዙት በገደል፣ በውሃና በበረሃ ላይ ነው፤ ማለትም ውሃ ነክ ሞዴል ትክክለኛ ከፍታ አጥብቆ በሚፈልግባቸው ቦታዎች ላይ።

ሁለተኛው ዓይነት ክፍተት የተሸሸገ ነው። ሴሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ግን የመሬት ከፍታ አይደለም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በታረሰ ማሳ መካከል ክብ ሆነው የሚታዩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንውሰድ። አምስት ሄክታር የሚሸፍን ደን በ30 ሜትር መረጃ ላይ ወደ 55 ሴሎች ይይዛል። የራዳሩ ሞገድ ከቅጠሉ አልፎ አፈሩ ድረስ ስለማይዘልቅ ደኑ እንደ ጉብታ ይመዘገባል። የባሕር ዛፍ ተክልም እንዲሁ። የሐይቅ ወለል ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ ጣና በመረጃው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቀመጠ የውሃ ገጽ ነው። ልኬቱ የተካሄደው በየካቲት፣ በበጋ፣ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሐይቁ ከክረምቱ ጣሪያ ወርዶ፣ ወንዞቹ ቀጥነው፣ ሜዳው ደርቆ የታየበት ወቅት ነው።

የቁጥሩ አጻጻፍም ክፍተት ይፈጥራል። በኤስአርቲኤም ከፍታ የተመዘገበው በሙሉ ሜትር ነው። በሺህ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚወርድ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለው መረጃ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ድንገት አንድ ሜትር ይዘልላል። ፎገራን በመሰለ ሜዳ ላይ የጎርፉ ጥልቀት ራሱ አንድ ሜትር ገደማ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል። የኤስአርቲኤም የንድፍ ግብ ከመቶ ልኬት በዘጠናው ከ16 ሜትር ያልበለጠ ስሕተት ነበር። በአፍሪካ የተደረገው ፍተሻ ከ6 ሜትር በታች ሆኖ ቢያገኘውም፣ ለጎርፍ ሜዳ ይህም ቢሆን ትልቅ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ክፍተት የከፍታ መረጃው ወደ ሜሽ፣ ማለትም የውሃው ስሌት ወደሚካሄድበት የነጥቦችና የጠርዞች መረብ፣ ሲቀየር የሚፈጠረው ነው። ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

መፈለጊያ መንገዶች

የተገለጡትን ባዶ ሴሎች መቁጠር ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «ባዶ» የሚለውን መለየት ነው። አንዳንዱ መረጃ -32768ን፣ አንዳንዱ -9999ን፣ ሌላው ዜሮን ይጠቀማል። ብዙዎች አቋራጭ ብለው የሚይዙት ሕግ «ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ባዶ አድርግ» የሚል ነው። ይህ ሕግ በጎጃምና በጎንደር ያለ ችግር ይሠራል። አፋር ሲደርስ ግን የዳናክልን ስርጉድ ይሰርዘዋል፤ እዚያ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ እውነተኛ መሬት አለና። ደጋው ላይ ተፈትኖ ያለፈ ሕግ ቆላው ላይ አገር ያጠፋል።

የተሸሸጉትን ለማግኘት የተለመዱ አራት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው የብርሃንና ጥላ ካርታ መሥራት ነው። ከአንድ ማዕዘን ብርሃን እንደወደቀበት ተደርጎ ሲሳል የተሞላ ቦታ ያለ ተፈጥሮው ልሙጥ ሆኖ፣ የሁለት መረጃዎች መገጣጠሚያም ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ሁለት የከፍታ መረጃዎችን ማቀናነስ ነው። ኤስአርቲኤምን ከኮፐርኒከስ የ30 ሜትር ሞዴል ጋር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 በጀርመን መንትያ የራዳር ሳተላይቶች ከተሰበሰበው መረጃ ከተሠራው ጋር፣ ሲያቀናንሱ ደን፣ ግድብና ቁፋሮ ብቅ ብቅ ይላሉ። ሦስተኛው ውሃውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሞዴሉ ወንዝ እንዲስል ተደርጎ የተሳለው ከሚታወቀው ወንዝ ጋር ሲነጻጸር፣ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ችግር አለ። አራተኛው ከውጭ የመጣ ምስክር ነው፦ የቀያሾች ቤንችማርክ፣ ጂፒኤስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ጠፈር የወጡት አይስሳት-2 እና ጌዲ የተባሉት የሌዘር መለኪያዎች። ሌዘሮቹ መሬቱን በሙሉ አይሸፍኑም፤ በመስመርና በነጥብ ነው የሚለኩት። ለመሙላት ባይበቁም የተሞላውን ለመፈተን ግን ጥሩ ናቸው።

ከአራቱ ሦስተኛው በጣም ርካሽና ብዙ የሚነግር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ ሪፖርት ለማሳመር ይቀርባል። ቦታው መጀመሪያ ላይ ነው።

ባዶውን በምን እንሙላው?

ትንንሽ ባዶዎችን ከጎረቤት ሴሎች መገመት ይቻላል። በርቀት ተመዝኖ የሚሰላ አማካይ፣ እንደ ተለጠጠ ሸማ የሚዘረጋ ስፕላይን፣ በቦታዎች መካከል ያለውን ተዛምዶ የሚያጠናው ክሪጊንግ፣ ሁሉም የየራሳቸው ደጋፊ አላቸው። ሁለት ወይም ሦስት ሴል ስፋት ላለው ቀዳዳ በሜዳማ ቦታ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀዳዳው ገደል ላይ ሲሆን ግን ሁሉም በአንድ መንገድ ይሳሳታሉ። ሁለቱን የሸለቆ ዳርቻዎች አይተው መካከሉን ያገናኛሉ፤ የወንዙ ወለል ያለው ደግሞ መካከሉ ላይ ነው። የዓባይ በረሃ ከደጋው አፋፍ ከሺህ ሜትር በላይ እንደሚወርድ ያየ ሰው ከአፋፍ እስከ አፋፍ የተዘረጋ ግምት የት እንደሚያደርሰው ይገባዋል።

ለትላልቅ ቀዳዳዎች የሚሻለው ከሌላ መረጃ መዋስ ነው። ከእስተር የሳተላይት ፎቶ የተሠራው የከፍታ ሞዴል፣ ኮፐርኒከስ፣ ወይም በ1፡50,000 ካርታ ላይ ያሉት የኮንቱር መስመሮች ለዚህ ይውላሉ። ጥሬውን ቆርጦ መለጠፍ ግን ጠርዙ ላይ ደረጃ ይተዋል፤ ሁለቱ መረጃዎች በአጠቃላይ ከፍታቸው ጥቂት ሜትር ሊለያዩ ስለሚችሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የ«ዴልታ ገጽ» ዘዴ ይህን ይፈታል። መጀመሪያ በቀዳዳው ዙሪያ የሁለቱ መረጃዎች ልዩነት ይሰላል፤ ከዚያ ልዩነቱ ብቻ ወደ ቀዳዳው ውስጥ በግምት ይዘረጋል፤ በመጨረሻ በተዋሰው መረጃ ላይ ይደመራል። ስለዚህ የመሬቱ ቅርጽ ከተለካ ምንጭ ይመጣል፣ ጠርዙም ይገጥማል። እስካሁን ከቀረቡት ውስጥ ለኢትዮጵያ ሸለቆዎች አሳማኝ ሆኖ የማገኘው ይህ ነው።

አሁን በነጻ የሚገኙት የመረጃ ዓይነቶች አብዛኞቹ የተሞሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሜሪት የዛፍ ቁመትንና የልኬት ዥጉርጉርነትን ቀንሷል፤ የሴሉ ስፋት ግን 90 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፋብዴም ደግሞ ከኮፐርኒከስ ላይ ደንና ሕንጻን በማሽን ትምህርት አንሥቷል። ሁለቱም ለጎርፍ ሥራ ከጥሬው ይሻላሉ። ሆኖም ሞላልን ያሉትን ሁሉ ተቀብሎ መሄድ አደጋ አለው። ዛፍ የሚያነሣው ስሌት የቤተ ክርስቲያኑን ደን ሲያነሣ፣ ደኑ የቆመበት እውነተኛ ኮረብታ ካለ አብሮ ሊሸርፈው ይችላል። ብዙዎቹ አድባራት ኮረብታ ላይ መሆናቸውን ስሌቱ አያውቅም።

እዚህ ላይ አዲስ መረጃ ሁልጊዜ የተሻለ እንዳልሆነ የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ አለ። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ኮፐርኒከስ ሲለካ ሸለቆው በውሃ ተሞልቶ ስለነበር የሚያሳየው የሐይቁን ገጽ ነው። ኤስአርቲኤም ግን ግድቡ ከመኖሩ በፊት በ1992 ዓ.ም. የሸለቆውን ወለል አይቷል። የግድቡን የውሃ መጠንና የከፍታ ግንኙነት ማስላት የሚፈልግ ሰው ሻካራ ቢሆንም አሮጌውን መረጃ ይመርጣል። ለሕዳሴ ግድብ ደግሞ ውሃ መያዝ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለሆነ ሁለቱም መረጃዎች ከውሃው በፊት የነበረውን መሬት ይዘዋል። መረጃ የሚመረጠው በዕድሜው ሳይሆን መቼና ምን እንዳየ ተጠይቆ ነው።

ጉድጓድ ሁሉ ስሕተት አይደለም

ባዶው ከተሞላ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የከፍታ መረጃ በዙሪያው ካሉት ሁሉ ዝቅ ባሉ ሴሎች የተሞላ ነው፤ ውሃ ገብቶ አይወጣባቸውም። አብዛኞቹ የልኬት ስሕተት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄንሰንና ዶሚንግ ያቀረቡት ዘዴ እያንዳንዱን ጉድጓድ ዝቅተኛው መውጫ እስኪደርስ ድረስ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባርንስና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጨምሮ፣ ያንኑ ሥራ እጅግ ያፋጥኑታል። ዛሬ በብዙ የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ በአንድ ቁልፍ ይገኛል። ችግሩም ይኸው በአንድ ቁልፍ መገኘቱ ነው።

ቁልፉን ዳናክል ላይ የተጫነ ሰው ስርጉዱ እስከ መውጫው ከፍታ ተሞልቶ አንድ ወጥ ሜዳ ሲሆን ያያል፤ ውሃውም ወደ ባሕር የሚወርድ ይመስላል። አዋሽም በእውነቱ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል፤ የተሞላው መረጃ ግን የሌለ መውጫ ያበጅለታል። በስምጥ ሸለቆው ያሉት አብያታና ሻላም ወደ ባሕር መውጫ የሌላቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ስርጉዶች በቅድሚያ በዝርዝር ተይዘው ከሙሌቱ መጠበቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበው ሃይድሮሼድስ ከኤስአርቲኤም የዓለምን ወንዞች ሲስል ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ እውነተኛ ስርጉዶችን ለይቶ መተው ነበር።

ለሐሰተኛው ጉድጓድም ቢሆን መሙላት ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። ሌላው መንገድ የከለከለውን መሬት ሰብሮ ውሃውን ማስወጣት ነው። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ጆን ሊንድሴይ ይህን አጥብቆ ይከራከርለታል፤ ምክንያቱም አሳማኝ ነው። ድልድይ ወይም የመንገድ ሙሌት ወንዙን ዘግቶ በታየበት ቦታ ላይ ያለው ስሕተት አንድ ሁለት ሴል ነው። ከመሙላት ይልቅ እነዚያን ሁለት ሴሎች መቁረጥ መረጃውን በጥቂቱ ብቻ ይነካል። መሙላቱ ግን ከመንገዱ በላይ ያለውን ሸለቆ ሁሉ ያነሣዋል። እንዲያውም መረጃው እየጠራ በሄደ ቁጥር ይህ ችግር ይብሳል። የ30 ሜትር ሴል ጠባብ መንገድን አያይም፤ በድሮን የተነሣ የአንድ ሜትር መረጃ ግን እያንዳንዱን የመንገድ ሙሌት ግድብ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከሥሩ ያለውን የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ከላይ ማየት አይችልምና። ጥሩ መረጃ ገዝቶ የቱቦዎቹን ዝርዝር ያልሰበሰበ ቢሮ ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል።

ከዚህ የባሰም አለ። በባሌ የወይብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ከላይ የሚያይ የትኛውም ሳተላይት መሹለኪያውን አያሳይም፤ ሶፍትዌርም ከተራራው ገጽ ላይ ሊያገኘው አይችልም። ይህን የሚያውቀው አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እርማቱም በእጅ ይገባል።

ከውሃ በታች ያለው መሬት

ለጣና የሐይቅ ሞዴል የሚሠራ ሰው 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ወለል ይጎድለዋል። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ሜትር መሳሳት ብዙ ነው። ንጹሕ ውሃ ባለበት ባሕር የአይስሳት-2 አረንጓዴ ሌዘር ወደ ታች ዘልቆ ወለል ይለካል፤ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ደለል በሚያፈስሱበት ጣና ግን ብርሃኑ ሩቅ አይሄድም። የሚቀረው በጀልባ ላይ ኢኮሳውንደር አስሮ መስመር በመስመር መለካት ነው።

የጀልባ ልኬት ራሱ አዲስ ክፍተት ያመጣል። በጉዞው መስመር ላይ ነጥቦቹ በየሜትሩ ይሰለፋሉ፤ በሁለት መስመሮች መካከል ግን መቶዎች ሜትር ባዶ ነው። ተራ የርቀት አማካይ ሲጠቀሙ መስመሮቹ ዙሪያ የሌለ ቦይና ጉብታ ይፈጠራል። በወንዝ ላይ መፍትሔው ስሌቱን በወንዙ አቅጣጫ ማዞር ነው፤ የአንድ ወንዝ ወለል ወደ ታች በሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ፣ ከዳር ወደ ዳር ግን ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ ለሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል ክብደት መስጠት ስሕተት ነው። በሐይቅ ዳር ደግሞ ጀልባ የማይገባበት፣ ቀያሽም በእግሩ የማይደርስበት ደንገልና ጭቃ ያለበት ቀበቶ ይቀራል። ክረምት ላይ ውሃው የሚሰፋው ወደዚያ ቀበቶ ስለሆነ ሥራው የሚፈተንበት ቦታ ነው። የሐይቁ ገጽ በተለያየ ወቅት የት እንደደረሰ ከሳተላይት ምስል ላይ አውጥቶ በዕለቱ ከተመዘገበው የውሃ ከፍታ ጋር ማጣመር ጥሩ ኮንቱር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የውሃ ዳር መስመር በራሱ እኩል ከፍታ ያለው መስመር ነውና።

የሜሹ ቀዳዳዎች

የከፍታ መረጃው ጸድቶም ውሃው የሚሰላበት ሜሽ ሊቀደድ ይችላል። ባለ ሦስት ማዕዘን ሜሽ ላይ ምርመራው በአንድ ቀላል እውነት ይጀምራል፦ ከውስጥ ያለ እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ሦስት ማዕዘኖች መሆን አለበት። የአንድ ብቻ የሆነ ጠርዝ ድንበር ነው። የሦስት ከሆነ ተደራራቢ አለ ማለት ነው። የድንበር ጠርዞችን አያይዞ ሲሰበስቡ የተዘጉ ቀለበቶች ይወጣሉ፤ አንዱ የውጭው ዳርቻ ነው፤ የቀሩት ወይ ደሴት ናቸው ወይ ቀዳዳ።

ለዚህ በአንድ መስመር የሚሰላ ማረጋገጫ አለ። የነጥቦቹ ብዛት ላይ ጠርዞቹ ተቀንሰው ሦስት ማዕዘኖቹ ሲደመሩ፣ ወጥና ቀዳዳ የሌለው ሜሽ 1 ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ደሴት ደግሞ አንድ ይቀንሳል። ለጣና አምስት ደሴቶችን አስገብቶ ሜሽ የሠራ ሰው መልሱ -4 መሆኑን ማየት አለበት። -5 ከወጣ ያልታሰበ ቀዳዳ አለ። ግን ከዋናው ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ አንድ ስለሚጨምር፣ አንድ ቀዳዳና አንድ ቁራጭ ተጣፍተው ትክክለኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሜሹ ስንት ቁራጭ እንደሆነ ይቆጠራል።

ዐይን የማያየው ስንጥቅ ከቀዳዳ ይከፋል። ሁለት ሜሾች ሲቀጠሉ አንድ ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ መለያ ያላቸው ነጥቦች ከቀሩ፣ በስክሪን ላይ የተያያዘ ይመስላል፤ ውሃው ግን አይሻገርም። መጠገኛው በጣም የተጠጉ ነጥቦችን ማዋሐድ ነው። መቻቻያው፣ ማለትም ሁለት ነጥቦች እንደ አንድ የሚቆጠሩበት ርቀት፣ ሲበዛ ቀጭን ቦዮች አብረው ይጨፈለቃሉ፤ ሲያንስ ስንጥቁ ይቀራል። ከሜሹ እጅግ አጭር ጠርዝ በብዙ እጥፍ ያነሰ መቻቻያ መምረጥ ጥሩ መነሻ ነው።

ቀዳዳን በችኮላ መሙላት ደግሞ መርፌ መሰል ሦስት ማዕዘኖችን ይተዋል። ዋጋቸው በሰዓት ይከፈላል። አምስት ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ሞገድ በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ባቀረቡት፣ ሞገዱ በአንድ የጊዜ እርምጃ ከአንድ ሦስት ማዕዘን በላይ እንዳይሻገር በሚያዘው ሕግ የሚታሰር ሞዴል፣ 20 ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት ማዕዘኖች ላይ ሦስት ሴኮንድ ገደማ እየዘለለ መሄድ ይችላል። ግማሽ ሜትር የሆነ አንድ ስንጥር ውስጡ ቢኖር እርምጃው ወደ 0.07 ሴኮንድ ይወርዳል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ስሌት 40 ሰዓት ይሆናል። ሦስት ማዕዘኖች በጣም እንዳይቀጥኑ የሚጠብቀውን የዴሎኔ ሕግ ተከትለው ደካማ ማዕዘኖችን የሚያሻሽሉ ፕሮግራሞች ያሉት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሜሹ ሳይሆን በአቀማመጡ የሚመጣው ፍሳሽ ነው። በፎገራ በርብና በጉማራ ዳር የጎርፍ መከላከያ የአፈር ካቦች አሉ። አናታቸው ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሰፋ ካብ ላይ 50 ሜትር የሚራራቁ ነጥቦች ሲያርፉ፣ አንዱ ነጥብ በወንዙ በኩል፣ ሌላው በማሳው በኩል ይወድቃል፤ ካቡም ከሞዴሉ ይጠፋል። ሄክ-ራስን በመሰለ፣ በአንድ ሴል ውስጥ ዝርዝር መሬት በሚይዝ ሞዴል ላይም ሴሉ ካቡን ከሁለት ጎኑ ካቀፈ ውሃው ሳይሻገር በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ይይዛል። መፍትሔው ብሬክላይን ነው፤ የሴሎቹ ጠርዝ የካቡን አናት ተከትሎ እንዲሄድ ማስገደድ። የካቡ ከፍታ ደግሞ ከ30 ሜትር መረጃ አይገኝም። ቀያሽ በእግሩ ሄዶ ይለካል፤ የተናደውን ጨምሮ።

መጋጠሚያው፣ ፈተናውና መዝገቡ

ልዩ ልዩ ምንጮች ሲቀጠሉ የከፍታቸው መነሻ አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ኤስአርቲኤም ከኢጂኤም96፣ ኮፐርኒከስ ከኢጂኤም2008 የባሕር ወለል ይነሣሉ፤ ጂፒኤስ በጥሬው የሚሰጠው ደግሞ ከምድር ስሌታዊ ቅርጽ ላይ የሚነሣ ቁመት ነው። በአግድምም የድሮዎቹ ካርታዎቻችን የተሠሩበት አዲንዳን የሚባለው ሥርዓት አሁን ካለው የጂፒኤስ ሥርዓት ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። በገደል ላይ እንዲህ ያለ መሸሽ የወንዙን ወለል ከግድግዳው ጋር ያደባልቃል። ክፍተት መስሎ የታየው ነገር አንዳንዴ ያልተገጠመ ሥርዓት ብቻ ነው፤ መሞላት ሳይሆን መቀየር ነው የሚፈልገው።

ሜሹ ከተዘጋጀ በኋላ ዋናው ፈተና ውሃን በሚዛን መቁጠር ነው። የታወቀ መጠን ያስገቡ፤ የወጣውንና የቀረውን ለይተው ይቁጠሩ። መውጣት የነበረበት ውሃ ከቀረ ወይ ስንጥቅ አግዶታል ወይ ጉድጓድ ውጦታል። ከዚያም የተሞሉትን ሴሎች ግማሽ ሜትር ከፍ፣ ግማሽ ሜትር ዝቅ አድርገው እንደገና ያስኪዱ። የጎርፉ ካርታ ካልተለወጠ ክፍተቱ አያሳስብም። ከተለወጠ የቀያሽ ገንዘብ መዋል ያለበት እዚያ ነው። ይህ ፈተና በጀት ለማስፈቀድም ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል፤ የት መለካት እንዳለበት በቦታው ያሳያልና። የነዋሪው ምስክርነትም ከፈተናው አይለይ፤ ውሃው በቤቱ ግድግዳ ላይ እስከ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ገበሬ ከሳተላይት የማይገኝ ነጥብ ይሰጣል።

በመጨረሻ የመዝገቡ ጉዳይ አለ። በዚህ ዳሰሳ ካየናቸው ዘዴዎች መካከል ፍጹም የሆነ የለም፤ ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ለትንሽ ቀዳዳ ጎረቤት፣ ለሸለቆ ከሌላ መረጃ በዴልታ መዋስ፣ ለመንገድ መቁረጥ፣ ለስምጥ ሸለቆው መተው፣ ለካብ መለካት። የጎደለው ዘዴ ሳይሆን ልማድ ነው። ሞዴል ሠርቶ የሚያስረክብ ከጎርፉ ካርታ ጎን ሌላ ካርታ ያስረክብ፤ እያንዳንዱ ሴል የተለካ፣ የተዋሰ፣ የተገመተ ወይም በእጅ የተቀየረ መሆኑን በቀለም የሚለይ፣ ከየትኛው ምንጭና በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚጽፍ። የሚያሠራው መሥሪያ ቤትም ይህን በውል ውስጥ ያስገባ። ሥራው ለሞዴሉ ባለሙያ ሁለት ቀን ቢጨምር ነው፤ ካርታውን ይዞ መንደር የሚያዛውር፣ ድልድይ የሚያሳርፍ ወይም ካብ የሚያሳድግ ሰው ግን የሚቆምበት መሬት የቱ እንደሆነ ያውቃል።